የኤሌክትሪክ መኪና የካቢን ፊልትሮና የኤሲ ሽታ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ኤሲው ሲከፈት ቀድሞ የሚመጣው የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ወይ ይጠፋል፣ ወይ አፍንጫችን ይለምደዋል። አብዛኛው ሰው ወዲያው የካቢን ፊልትሮ፣ ማለትም ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ ይገዛል። አዲሱ ፊልትሮ ይገባል፣ ለጥቂት ቀን ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ያው ሽታ ተመልሶ ከች ይላል። ይሄኔ ጣት የሚቀሰረው ፊልትሮው ላይ ነው፤ "ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ!"

ፊልትሮው ግን ምንም ላያጠፋ ይችላል። በአብዛኛው መኪና ላይ የአየሩ መንገድ እንዲህ ነው፦ አየር ከውጭ ይገባል፣ በፊልትሮው ያልፋል፣ ከዚያ በኢቫፖሬተሩ በኩል ቀዝቅዞ ወደ እኛ ይመጣል። ኢቫፖሬተር ማለት ከክሩስኮቱ ውስጥ የተደበቀው፣ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያሉት ማቀዝቀዣ ነው። ሻጋታው የሚበቅለው እዚያ ላይ ከሆነ ከፊልትሮው ወዲህ ነው ማለት ነው። ከፊቱ ያለ ፊልትሮ ከኋላው የሚወጣን ሽታ ሊይዝ አይችልም፤ የመቶ ብርም ይሁን የሺህ።

ስለዚህ ፊልትሮ መምረጥና ሽታ ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ሻጭ አንድ ላይ ቢሸጣቸውም እኛ ለየብቻ እንያቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ምን የተለየ ነገር አለው?

ፊልትሮው ራሱ ከቤንዚን መኪናው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ዙሪያው ላይ ነው።

አንደኛ፣ መኪናው ቆሞም ኤሲው ይሠራል። ቻርጅ እያደረግን ውስጥ ቁጭ እንላለን፤ ከመውጣታችን በፊት በስልክ እናቀዘቅዘዋለን። ከዚያ ድንገት ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል። እርጥብ ኢቫፖሬተር በታፈነ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

ሁለተኛ፣ የሞተር ድምፅ የለም። ፊልትሮ ሲዘጋ ማራገቢያው አየር ለመሳብ ሲታገል የሚያሰማው ጩኸት በግልጽ ይሰማል። ይሄ እንደ ችግር ቢታይም ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው ደህንነት ነው፤ ብዙ መመሪያ የሚዘለውም እሱን ነው። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ካቢኑን የሚያሞቀው ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በአንዳንዶቹ ይህ ማሞቂያ የሚቀመጠው እዚያው የኤሲው ሳጥን ውስጥ፣ ከኢቫፖሬተሩ አጠገብ ነው። በቤንዚን መኪና የለመድነውን ማጽጃ እንደልባችን መርጨት እዚህ አያዋጣም።

ከመግዛት በፊት መስፈርት

የፊልትሮው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ማስታወቂያ እንተወውና እነዚህን እንጠይቅ፦

- ምን ይይዛል? አቧራ፣ ደቃቅ ብናኝ ወይስ ጋዝና ሽታ?
- አየር ምን ያህል ያሳልፋል?
- ቦታው ላይ ግጥም ይላል ወይስ በጠርዙ ያሾልካል?
- ከፍተኛ ቮልቴጅ ላለው መኪና ያሰጋል?
- በዓመት ሲሰላ ምን ያህል ያስወጣል?

ሦስተኛው ከሁሉም የሚናቀው ነው። በዓለም ምርጡ ፊልትሮ በጠርዙ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ካለው አየሩ በዚያ በኩል ይሾልካል፤ አየር ሁልጊዜ የሚመርጠው የቀለለውን መንገድ ነው። ፊልትሮ ስትገዙ ስፖንጅ ጠርዙን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ወዲያው ተመልሶ ካልተነፋ ወይም ሙጫው እየተላቀቀ ከሆነ አትውሰዱት።

ሽታው ምን ይላል?

ሽታው ራሱ ምንጩን ይናገራል፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማሽተት ነጻ ነው።

የእርጥብ ካልሲ ወይም የኮመጠጠ ሽታ፣ በተለይ ኤሲው እንደተከፈተ የሚመጣና ቀስ እያለ የሚቀንስ ከሆነ፣ ኢቫፖሬተሩ ላይ የበቀለ ሻጋታና ባክቴሪያ ነው። የጓዳ እርጥበት የሚመስልና ኤሲ ተዘግቶም የማይለቅ ከሆነ ግን ምንጣፉን አንሱ። ከኤሲው የሚንጠባጠበው ውሃ ከመኪናው ሥር መውጣት አለበት፤ የሚወርድበት ቱቦ በቆሻሻ ከተደፈነ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለስና ከምንጣፉ ሥር ያለውን ስፖንጅ ያርሳል። ላዩ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በእጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት።

የሌላ መኪና ጭስ እየተከተላችሁ ስትነዱ ብቻ የሚሸት ከሆነ የውጭ አየር ነው፤ ይሄኛው በእርግጥ የፊልትሮ ጉዳይ ነው። የበሰበሰ ሥጋ የሚመስል ከሆነ አይጥ ወይም ወፍ ሞቶ ይሆናል፤ አይጥ ፊልትሮ ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች።

ሁለት ሽታዎች ግን ለማጽጃም ለፊልትሮም አይተዉም። ጣፋጭ፣ ሽሮፕ የሚመስል ሽታ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየፈሰሰ እንደሆነ ሊያመለክት ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪናም ለባትሪውና ለሌሎች ክፍሎቹ ይህን ፈሳሽ ይጠቀማል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከሆነ ደግሞ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ አጥፉት፣ ውረዱ። ለባለሙያ ደውሉ።

ፊልትሮዎቹ አንድ በአንድ

*ተራው ፊልትሮ።* ነጭ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጨርቅ መሳይ ነገር ነው። አቧራን፣ የአበባ ብናኝን፣ ቅጠልንና ነፍሳትን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። የአበባ ብናኝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሆነ አያስቸግረውም። አየር በደንብ ያሳልፋል፣ ርካሽ ነው። ጋዝና ሽታ ላይ ግን ምንም አይሠራም። የጭስ ሽታ እንደ ልቡ ያልፈዋል።

*የካርቦን ፊልትሮ።* በሁለት የጨርቅ ንብርብር መካከል ልዩ ሙቀት ያየ፣ ቀዳዳው የበዛ የከሰል ቅንጣት አለበት። የጋዝ ሞለኪውሎች እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይጣበቃሉ። ትራፊክ መሃል ለሚውል መኪና ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል። ድክመቱ መሙላቱ ነው። ቀዳዳዎቹ ከሞሉ በኋላ ፊልትሮው አቧራ መያዙን ቢቀጥልም ሽታ ያሳልፋል፤ በዓይን ደግሞ አይታወቅም። ማራገፍም በቫኪዩም መሳብም ካርቦኑን አያድሰውም።

ሌላው ጣጣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ተራ ፊልትሮ "ካርቦን" ተብሎ መሸጡ ነው። ጥቁር መሆን ብቻውን ካርቦን አያደርገውም። ከተራው ጋር በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አነጻጽሩት፤ እውነተኛው ከበድ ይላል። ብርሃን ላይ ስታዩት እጥፋቱ ውስጥ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ብታራግፉት ጥቁር ትቢያ ጣል ሊያደርግ ይችላል።

*ሄፓ።* ስሙ የተከበረ ስለሆነ ያለአግባብም የሚጠራው እሱ ነው። በአሜሪካ መለኪያ ሄፓ ማለት 0.3 ማይክሮን ስፋት ያላቸውን ቅንጣቶች ቢያንስ 99.97 በመቶ የሚይዝ ነው። በአውሮፓው ምደባ ኤች13 የሚባለው ደግሞ ለመያዝ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን የቅንጣት መጠን 99.95 በመቶ ይይዛል። "ሄፓ ዓይነት" ወይም "ሄፓ መሰል" የሚል ጽሑፍ ግን ምንም ቃል አይገባም።

ሄፓ ለሳንባ ነው እንጂ ለሽታ አይደለም። ጋዝ ሞለኪውል ነው፤ በሄፓ ቀዳዳ ማለፍ አያቅተውም። ለዚህ ነው ሄፓ ይዘው የሚወጡ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የካርቦን ፊልትሮ የሚጨምሩበት። ደግሞም ጥቅጥቅ ስለሚል አየር ይገታል። ለሄፓ ተብሎ የተሠራ መኪና ሰፊ ፊልትሮና ለዚያ የሚመጥን ማራገቢያ አለው። ለተራ ፊልትሮ በተሠራ ቀጭን ቦታ ላይ "ሄፓ" መጨመር ግን አየሩን ያዳክማል፣ ማራገቢያውን ያስጮኻል፣ መስታወት ቶሎ እንዳይጠራ ያደርጋል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካው ለሄፓ ካልተሠራ ተዉት።

*የሚታጠብ ፊልትሮ።* አንዴ ተገዝቶ ዕድሜ ልክ የሚባለው ያጓጓል። ደቃቅ ብናኝ ላይ ግን ደካማ ነው። ተራውን ፊልትሮ ማጠብ ደግሞ ጨርሶ አይመከርም። ብዙዎቹ ደቃቅ ብናኝን የሚስቡት ክሮቻቸው ላይ ባለ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ውሃ ያንን ያጠፋዋል። ሲታጠብ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ሥራውን አቁሟል።

ሽታ ማጥፊያዎቹ

*ሽቶ።* መስታወት ላይ የሚንጠለጠለውም፣ አየር መውጫው ላይ የሚሰካውም አንድ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ከሻጋታ ጋር ሲቀላቀል ይባስ ብሎ ሦስተኛ ሽታ ይፈጥራል።

*ጭስ የሚለቀው ጣሳ።* መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ኤሲው የውስጡን አየር እንዲያዞር ይደረጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ጣሳው ተከፍቶ ሰው ይወጣል። ለቀላል ሽታና አየር ማስተላለፊያ ቱቦዎቹን ለማደስ ይጠቅማል። ኢቫፖሬተሩ ላይ የተጋገረ ሻጋታ ካለ ግን ላዩን ዳብሶ ነው የሚያልፈው። ጽሑፉን አንብቡ፦ ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ጋዝ አለባቸው። ማሞቂያው እንዳይሠራ የሙቀት ማስተካከያውን የመጨረሻው ቀዝቃዛ ላይ አድርጉት፤ የእኔ ምርጫ ግን ተቀጣጣይ ያልሆነውን መግዛት ነው።

*አረፋ።* ለካልሲ ሽታ ትክክለኛው መድኃኒት ይሄ ነው። ፊልትሮው ይወጣል፣ ቀጭን ቱቦ ወደ ኢቫፖሬተሩ ይገባል፣ አረፋው በቅጠሎቹ መካከል ተነፍቶ ቆሻሻውን ያላቅቃል፤ ከዚያ ወደ ውሃ ተመልሶ በታችኛው ቱቦ ይወርዳል። ከመኪናው ሥር ቡናማ ውሃ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ሥራው እየተሠራ ነው። ምንም ካልወረደ ግን አቁሙ፤ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል፣ እናም የረጫችሁት ሁሉ እግራችሁ ሥር ሊወርድ ነው።

ጥንቃቄው ይሄ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ለኤሲ ኢቫፖሬተር ተብሎ የተሠራና አሉሚኒየም የማይበላ ማጽጃ ብቻ ተጠቀሙ፤ በረኪና በፍጹም አይሆንም። የማራገቢያው ሞተርና የሽቦ መጋጠሚያዎች ላይ አትርጩ። ሙሉ ጣሳውን በአንዴ አታፍሱ፤ ከኢቫፖሬተሩ ኋላ ያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማሞቂያ ሊኖር ይችላል። የመኪናው መመሪያ ወይም የአምራቹ ባለሙያ በዚህ መንገድ ማጽዳት ይቻላል ካላለ ለወርክሾፕ ስጡት። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል አድርጋችሁ በሮቹን ክፈቱ።

*ኦዞን።* በማሽን የሚለቀቅ ጋዝ ነው። ሲጋራ ሲጨስበት የኖረን መኪና ወንበርና ጣሪያ ጨርቅ ለማዳን ይሠራል። ሻጋታውን ግን ከቦታው አያነሳውም። ኦዞን ሳንባ ይጎዳል፣ ጎማና ላስቲክ ያደርቃል። ሰውም እንስሳም ውስጥ መሆን የለበትም፤ ከዚያ በኋላም በደንብ መናፈስ አለበት። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰኩት ትንንሾቹ "አየር ማጽጃዎች" ለሽታ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ኦዞን ይለቃሉ።

*ክሩስኮት አውርዶ ማጠብ።* ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚመጣ ነው። ውድ ነው፣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

አንድ ሌላ ነገር። "ሽታው የጋዝ ማነስ ነው፣ ጋዝ እንሙላ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። የኤሲ ጋዝ ማነስ ቅዝቃዜ ይቀንሳል እንጂ የካልሲ ሽታ አያመጣም። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕሬሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል) ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው። ለቤንዚን መኪና ኤሲ በተለመደው ዘይት የተበከለ የጋዝ መሙያ ማሽን ከተሰካበት ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ የሚከላከለው ሽፋን፣ ሊበላሽ ይችላል። ሽታ ለማጥፋት ሄዶ ኮምፕሬሰር አጥፍቶ መመለስ ማለት ነው።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያዋጣው ለ | የማይችለው | ወጪ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ፊልትሮ | አቧራ፣ የአበባ ብናኝ | ጋዝ፣ ሽታ | ዝቅተኛ | በጊዜው መቀየር |
| የካርቦን ፊልትሮ | የትራፊክ ጭስ፣ የውጭ ሽታ | የኢቫፖሬተር ሻጋታ | መካከለኛ | ቀለም ብቻ ያለው አለ |
| ሄፓ | አስም፣ አለርጂ፣ ደቃቅ ብናኝ | ጋዝ፣ ሽታ | ከፍተኛ | ለሄፓ ለተሠራ መኪና ብቻ |
| የሚታጠብ ፊልትሮ | ትልልቅ አቧራ | ደቃቅ ብናኝ፣ ሽታ | አንዴ ብቻ | በደንብ ሳይደርቅ አለመመለስ |
| ሽቶ | ለአጭር ጊዜ መሸፈን | ምንጩን ማጥፋት | ዝቅተኛ | ራስ ምታት |
| የጭስ ጣሳ | ቀላል ሽታ፣ ቱቦዎች | የተጋገረ ሻጋታ | ዝቅተኛ | ተቀጣጣይነት |
| አረፋ | የካልሲ ሽታ | የወንበር ጨርቅ ሽታ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ ቮልቴጅ ማሞቂያ |
| ኦዞን | የሲጋራ ሽታ | ሻጋታን ማንሳት | መካከለኛ | ሳንባ፣ ላስቲክ |
| አውርዶ ማጠብ | ሁሉም ሲያቅት | — | በጣም ከፍተኛ | የሠለጠነ ባለሙያ |

ታዲያ ለእናንተ የትኛው?

*ኪስ ሳሳ ካለ፦* ተራውን ፊልትሮ በጊዜው ቀይሩ፣ ኢቫፖሬተሩን የማድረቅ ልማድ ያዙ። ልማዱ ምንም አያስወጣም፤ ከታች እመለስበታለሁ። ውድ ፊልትሮ ገዝቶ ሦስት ዓመት ከመርሳት ርካሹን በየዓመቱ መቀየር ይሻላል።

*ቀኑን ሙሉ ትራፊክ ውስጥ ለሚውል፦* ካርቦን ያለው ፊልትሮ። ሰው የምታመላልሱ ከሆነ አምራቹ ከሚለው ቀድማችሁ ቀይሩት፤ የአምራቹ ጊዜ ለተራ አጠቃቀም የተሰላ ነው፣ ተሳፋሪም ሽታን ይቅር አይልም።

*አስም ወይም አለርጂ ላለበት ቤተሰብ፦* መኪናው ለሄፓ የተሠራ ከሆነ ሄፓና ካርቦን አብረው። ካልሆነ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ጥሩ የካርቦን ፊልትሮ፣ ጠርዙ በደንብ የሚገጥም። አቧራ ውስጥ ስትገቡ የውስጥ አየር ማዞሪያውን ተጫኑ።

*ያገለገለ መኪና ለገዛ፦* አሮጌውን ፊልትሮ አውጡና እዩት። አመድ መስሎ፣ በእጥፋቱ መሃል የቅጠል ዘንግና የትንኝ ክንፍ ተሰክቶ ካገኛችሁት ያው የተለመደው ነው። የታችኛው ጠርዝ ላይ የውሃ እድፍ ካለ ግን ዝናብ እየገባ ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ሳታጸዱ አዲስ አትግዙ። ከዚያ አረፋ፣ ከአረፋው በኋላ አዲስ ፊልትሮ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

*ሲጋራ ሲጨስበት የኖረ ከሆነ፦* መጀመሪያ ወንበርና ጣሪያው በደንብ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይጣል፣ ከዚያ ካስፈለገ ኦዞን በባለሙያ እጅ።

ራሳችሁ ስትቀይሩ

አብዛኛው መኪና ላይ ፊልትሮው ከጓንት መሳቢያው ጀርባ ነው። አንዳንዶቹ ላይ በተሳፋሪው እግር በኩል ወይም ከኮፈኑ ሥር ነው። ቴስላ ሞዴል 3 ላይ በተሳፋሪው በኩል ከመሃለኛው ኮንሶል ጎን ሲሆን ሁለት ፊልትሮዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። የላይኛውን ብቻ አውጥቶ የታችኛውን የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ኤሲውን አጥፉ፣ ስልክ ላይ ቀጠሮ የተያዘለት ማቀዝቀዣ ካለም ሰርዙት። እጃችሁ ማራገቢያው አጠገብ እያለ ከቤት ያለ ሰው በስልኩ ኤሲውን ሊያስነሳው ይችላል። ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ አትንኩት፣ አትጎትቱት።

አሮጌውን ስታወጡ ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት ፎቶ አንሱ። ቀስቱ የአየሩን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ አዲሱም በዚያው ይግባ። ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ከነቆሻሻው ኢቫፖሬተሩ ላይ እንዳይራገፍ።

መቼ ይቀየር? ቴስላ ለተራው ፊልትሮ 2 ዓመት፣ ለሄፓና ለካርቦኖቹ 3 ዓመት ይላል። ብዙ ሌሎች አምራቾች ከ1 እስከ 2 ዓመት ይሰጣሉ። አቧራ የበዛበት መንገድ ላይ ከዋላችሁ አጥሩት። አየሩ ከደከመ፣ ማራገቢያው ከጮኸ፣ መስታወቱ ለመጥራት ከዘገየ ቀኑን አትጠብቁ።

ማድረቅ

ሽታው እንዳይመለስ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይሄ ነው። ከመድረሳችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀር የኤሲውን ማቀዝቀዣ አጥፉ፣ ማራገቢያው ግን ይሥራ። የአየሩን መግቢያ ከውጭ እንዲሆን አድርጉት። ኢቫፖሬተሩ ደርቆ ያድራል። ማራገቢያው ብቻውን የሚበላው ኃይል ከኮምፕሬሰሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ "ባትሪዬን ይጨርሳል" የሚለው ስጋት አያስኬድም።

አንዳንድ መኪኖች ይህን ራሳቸው ያደርጉታል። ሃዩንዳይና ኪያ መኪናው ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ እየሠራ ኢቫፖሬተሩን የሚያደርቅበት ተግባር ያላቸው ሞዴሎች አሏቸው። የእናንተ መኪና ላይ ካለ በማስተካከያው ውስጥ መከፈቱን አረጋግጡ፤ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

አረፋ ተረጭቶ፣ ፊልትሮ ተቀይሮ፣ በየቀኑም እየደረቀ ሽታው በአንድ ወር ውስጥ ከተመለሰ ሌላ ጣሳ አትግዙ። ኤሲው በሞቃት ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ከመኪናው ሥር ውሃ እየተንጠባጠበ እንደሆነ ዝቅ ብላችሁ እዩ። መሬቱ ደረቅ ከሆነ መውረጃ ቱቦው እንዲታይ ወርክሾፕ ውሰዱት።